ውሻ መርዝ በበላ ጊዜ ስለሚደረገው ርዳታና ስለ መርዝ አጠባበቅ

በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፥ በአቃቂና በቃሊቲ፥ ከተማውና እርሻው ተደባልቀው ይገኛሉ። በአንድ ወገን የዱቄት ፋብሪካ፥ የጉምሩክ ግቢ፥ የእህል መጋዘንና የመኪና ማደሻ ይታያል፤ በሌላው ወገን ደግሞ የጤፍ፥ የስንዴና የሽምብራ ማሳ፥ በአቃቂ ወንዝ ዳርም በመስኖ የሚለማ የጎመንና የሰላጣ መደብ አለ። በዚህም በዚያም የንብረት ጠባቂው ውሻ ነው። ሌባን የሚያስታውቅ፥ ጅብን ከበረት የሚመልስ፥ በመኸርም ጊዜ ከአውድማው የማይለይ እርሱ ነው። ለአይጥ፥ ለነቀዝና ለአትክልት ትል የሚሆነው መርዝ ግን በየቤቱና በየመጋዘኑ ስለሚገኝ፥ አፉን በሁሉ ነገር የሚያገባው ውሻ መርዙን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያገኘዋል።

ውሻ በመርዝ መውደቁ ለባለቤቱ ብቻ የሚያሳዝን ትንሽ ነገር እንጂ ለሹም የሚነገር ጉዳይ የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ውሻው ያገኘውን መርዝ በዚያው ግቢ የሚጫወት ሕፃን በማግስቱ ሊያገኘው ይችላል። አፉ አረፋ የደፈቀ ውሻ የታመመው በመርዝ ይሁን በእብደት ሳይለይ እጁን ወደ አፉ የሚሰድድ ሰው ነፍሱን ለአደጋ ይሰጣል። የሞተውም ውሻ በሜዳ ከተጣለ ሥጋውን የበላው ጅብና ጥንብ አንሣ ተከትለውት ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ክፍለ ከተማና ወረዳ የሚያስተዳድሩ ሹማምት፥ ግቢና መጋዘን ያላቸውም ሰዎች ሁሉ የነገሩን አያያዝ ቢያውቁት ይበጃቸዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መነገር የሚገባው ስለ ወተት ነው። በአገሩ ልማድ ውሻ መርዝ በላ የተባለ እንደ ሆነ ወተት ያጠጡታል፤ ወተት ባይገኝ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ በአፉ ያፈሱበታል፤ ሌላውም እንዲያስመልሰው ብሎ ጨው በውሃ በጥብጦ ይግተዋል። ሰዎቹ ይህን የሚያደርጉት በርኅራኄ ነውና ነቀፋ አይገባቸውም። ዳሩ ግን ከነዚህ አንዱ እንኳ የመርዝ ማርከሻ አይደለም። ቅባት አንዳንዱን መርዝ ፈጥኖ ወደ ደም እንዲገባ ያግዘዋል። ሰውነቱ የደከመ ወይም የሚንቀጠቀጥ ውሻ በግድ ሲጋት ፈሳሹ በምግብ ጉሮሮው መውረዱ ቀርቶ በአየር ቧንቧው ይገባና ሳንባውን ያበላሸዋል፤ ከመርዙ ሊተርፍ ይችል የነበረው በዚህ ይሞታል። ጨው ደግሞ ሲበዛ ራሱ መርዝ ነው፤ በደም ውስጥ ሲከማች አንጎልን ይጎዳል፥ ያንቀጠቅጣል፥ ይገድላልም። የምድጃ ከሰል ፈጭቶ ማጠጣትም እንዲሁ ድካም ብቻ ነው። በሐኪም ዘንድ ያለው የመድኃኒት ከሰል በብርቱ ሙቀትና በእንፋሎት የተሠራ ሆኖ እጅግ ብዙ ረቂቅ ቀዳዳ ስላለው መርዙን በሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀራል፤ የምድጃው ከሰል ግን ይህ ኃይል የለውም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው በወተትና በእንጀራ ፍለጋ የሚባክነው ሰዓት ነው። መርዝ ከሆድ ሊወጣ የሚችለው ከተበላ በኋላ ባሉት በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሰዓቶች ነው። ከዚያ ወዲያ አብዛኛው ወደ አንጀትና ወደ ደም ስለሚያልፍ ውሻውን ማስመለስ ብዙ አይጠቅምም።

ታዲያ ምን ይደረግ ቢሉ፥ መጀመሪያ ውሻውን ከመርዙ ማራቅ ነው። የቀረው መርዝ ይሰብሰብ፤ ሌላ ውሻ፥ ዶሮ ወይም ልጅ እንዳይደርስበት ሰው ይቁምበት። መርዙ ዱቄት ሆኖ በጠጉሩ ላይ ከተነሰነሰ ወይም ፈሳሽ ሆኖ ከነካው፥ ውሻው ሲልሰው እንደ ገና ስለሚበላው፥ ጓንት ያደረገ ሰው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠበው። ከዚያም ምን እንደ በላ፥ ምን ያህል እንደ በላና መቼ እንደ በላ መጠየቅ ነው። ሐኪሙ የሚሠራው በዚህ መልስ ነውና ባለቤቱ ከማልቀሱና ከመቆጣቱ በፊት ይህን ይፈልግ። መርዙ የነበረበት ወረቀት ወይም ጠርሙስ፥ ጽሑፉ በማይታወቅ ቋንቋ የተጻፈ ቢሆንም እንኳ፥ ከውሻው ጋር ወደ ሐኪም ይሂድ። ያስመለሰው ነገርም ካለ በፌስታል ተቋጥሮ አብሮ ይወሰድ። ብዙ ጊዜ ግን መርዙን ያስቀመጠው ዘበኛ ወይም አትክልተኛ ተወቃሽ እንዳይሆን ፈርቶ ነገሩን ይሸሽጋል። የግቢው ጌታ በዚህ ሰዓት ቁጣውን ዋጥ አድርጎ በለዘበ ቃል ቢጠይቅ እውነቱን ቶሎ ያገኛል።

ውሻውን ማስመለስ የሚፈቀደው ሐኪሙ በስልክ እንኳ ተጠይቆ አድርጉ ያለ እንደ ሆነ ነው። ውሻው ልቡን ከሳተ፥ ከተንቀጠቀጠ ወይም መዋጥ ካቃተው ፈጽሞ አይሞከርም። የበላው ወይም የጠጣው በረኪና፥ ኮስቲክ ሶዳ ወይም የባትሪ አሲድ እንደ ሆነ፥ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥለዋልና አይገባም። ነጭ ጋዝ፥ ናፍጣና ቤንዚንም ሲመለሱ ወደ ሳንባ ይገባሉና እንዲሁ ነው። ጣት ወደ ጉሮሮ መስደድም መነከስን እንጂ ሌላ ትርፍ አያመጣም።

መርዝ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ምልክቱም ሕክምናውም ይለያያል። በአቃቂና በቃሊቲ አካባቢ ውሻ ሊያገኛቸው የሚችሉትን ሹማምት ለይተው ቢያውቁ መልካም ነው።

አንደኛው ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው የአይጥ መርዝ ነው። መልኩ እንደ አመድ የጠቆረ ዱቄት ሲሆን የነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አለው። ይህ መርዝ በሆድ ውስጥ ካለው ኮምጣጣ ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይሆናል። ምግብ በተበላ ጊዜ የሆድ ኮምጣጣ ይበዛል፤ ኮምጣጣው ሲበዛ ጋዙም ይበዛል። እንግዲህ ለዚህ ውሻ እንጀራና ወተት መስጠት በእሳት ላይ ጭድ እንደ መጨመር ነው። ሌላም አደጋ አለ፤ ውሻው ሲያስመልስ ጋዙ አብሮ ይወጣና በአጠገቡ ያለውን ሰው ያሳምማል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውሻ በተዘጋ ክፍል ወይም መስኮቱ በተዘጋ መኪና አይያዝ፤ በነፋሻ ስፍራ ይሁን፥ በመኪናም ሲሄድ መስኮቱ ይከፈት። ለዚህ መርዝ የታወቀ ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሙ የሆዱን ኮምጣጣ እየቀነሰ፥ ልቡንና ትንፋሹን እየደገፈ ያቆየዋል። በእህል መጋዘን ለነቀዝ የሚደረገው ፎስቶክሲን የሚባለው ክኒንም የሚገድለው በዚሁ በፎስፊን ጋዝ ነው። ክኒኑን በሚተኙበት ቤት ባለ እህል ላይ የሚያደርጉ ሰዎች ከውሻቸው ጋር የራሳቸውንም ቤተ ሰብ ያሰጋሉ።

ሁለተኛው ደም እንዳይረጋ የሚከለክለው የአይጥ መርዝ ነው። ታሪኩ ለባለ ከብት ሰው ስለሚጠቅም ባጭሩ ይነገራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ከብቶች ትንሽ ቁስል ሲያገኛቸው ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ጀመር። ምክንያቱ ሲመረመር የማገጥ ወገን የሆነ ድርቆሽ ሻግቶ ሳለ በመብላታቸው ሆኖ ተገኘ። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ከዚያው ነገር ተነሥተው ዋርፋሪን የተባለውን መርዝ አወጡ፤ በ1948ም ለአይጥ መግደያ ይሸጥ ጀመር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ልጆቹ፥ እነ ብሮዲፋኩም፥ ከአባታቸው እጅግ የበረቱ ናቸው። የዚህ መርዝ ክፋቱ ማታለሉ ነው። ውሻው በበላበት ቀን ይጫወታል፥ ይበላል፥ ይጮኻል፤ ባለቤቱም ምንም አልሆነም ብሎ ይተወዋል። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ያህል ቆይቶ ግን ድዱ ይነጣል፥ ትንፋሹ ያጥራል፥ ከአፍንጫው ወይም ከሰገራው ደም ይታያል፥ አንዳንዱም ምንም ደም ሳይታይበት በውስጡ ደምቶ ይሞታል። የሚያሳዝነውም ለዚህ መርዝ ማርከሻ ያለው መሆኑ ነው። ኬ አንድ የተባለው ቫይታሚን በጊዜ ከተሰጠው ውሻው ይድናል፤ ነገር ግን በአንድና በሁለት ቀን የሚያልቅ ሕክምና አይደለም፤ ለበረቱት መርዞች ሦስትና አራት ሳምንት መስጠት ያስፈልጋል። ስለዚህ የዚህን ዓይነት መርዝ መብላቱ የታወቀ ውሻ፥ ደኅና ቢመስልም፥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ሦስተኛው ለአትክልት ትል፥ ለቅማልና ለመዥገር የሚረጨው፥ እንደ ማላታዮንና እንደ ዳያዚኖን ያለው መድኃኒት ነው። ይህ ሲያገኘው ውሻው ምራቁ ይዝረበረባል፥ ዓይኑ ያነባል፥ ሽንቱና ሰገራው ያመልጠዋል፥ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፥ ጡንቻው ይርገበገባል፤ በመጨረሻም ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐኪሙ አትሮፒን የተባለውን መድኃኒት በቶሎ ከወጋው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በወንዝ ዳር አትክልት የሚያለሙ ሰዎች የረጩበትን ዕቃ በወንዙ ሲያጥቡ፥ ባዶውንም ቆርቆሮ ለውሻ ውሃ ማጠጫ ሲያደርጉት የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ይህ መከልከል ያለበት ነው።

አራተኛው ስትሪክኒን ነው። ይህ በህንድና በአጎራባቾቿ አገሮች ከሚበቅል ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ሲሆን፥ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመግደል ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው። የበላው ውሻ ባጭር ጊዜ ውስጥ ሰውነቱ እንደ ገመድ ይወጠራል፥ እግሮቹ ይገተራሉ፥ አንገቱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል። በር ሲንኳኳ፥ መብራት ሲበራ፥ እጅም ሲነካው እንደ ገና ይንዘፈዘፋል፤ አእምሮው ግን አይጠፋምና ሥቃዩን ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ ውሻ የመጀመሪያው ርዳታ ጨለማና ጸጥታ ነው። ብርድ ልብስ ይሸፈን፤ ሰው አይክበበው፤ በሚጓዝበትም ጊዜ የመኪና ጡሩንባ አይነፋ።

በመኪና ማደሻዎችም ዘንድ ለሞተር ማቀዝቀዣ የሚሆነው ፈሳሽ ጣፋጭ ስለ ሆነ ውሻ ይልሰዋል። መጀመሪያ እንደ ሰከረ ያንገዳግደዋል፤ ኋላ የተሻለው ይመስላል፤ ከዚያ ኩላሊቱን ያጠፋዋል። በሰዓቶች ውስጥ ካልታከመ ተስፋ የለውም።

ከወጥ ቤትና ከአጥር ግቢ የሚገኘውን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ቡና ጥሬውም ሆነ አተላው፥ ቸኮላትም፥ የውሻን ልብ ከልክ በላይ ያስመታል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲበላ ደሙን ይጎዳዋል፤ ወይንና ዘቢብ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥ በሆዱ ውስጥ ኩፍ ይላል፥ ያሰክረዋልም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ከዕፀዋት ወገን የጉሎ ፍሬና አጤ ፋሪስ ለውሻም ለሰውም መርዝ ናቸው። የሻገተ በቆሎም የውሻን ጉበት ያጠፋል፤ ለሰው አይሆንም የተባለ እህል ለውሻ ይሆናል ማለት ስሕተት ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመለስ። በመርዝ የወደቀ ውሻና በእብደት የታመመ ውሻ በአንዳንድ ምልክት ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም አፋቸው ይዝረበረባል፥ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። የሚለዩት እንዲህ ነው። መርዝ ብዙውን ጊዜ በድንገት ይመጣል፤ ጧት ደኅና የነበረው ውሻ ማታ ወድቆ ይገኛል፥ በአንድ ሰፈርም ሁለትና ሦስት ውሾች ባንድ ቀን ይታመማሉ። እብደት ግን በቀኖች ውስጥ ይገለጣል፤ የውሻው ጠባይ ይለወጣል፥ ገራሙ ይቆጣል፥ ቁጡው ይተኛል፥ ድምፁ ይሻክራል፥ አገጩ ይንጠለጠላል፥ ከዚያም ባሥር ቀን ውስጥ ይሞታል። ዳሩ ግን ይህ መለያ ለሐኪም እንጂ ለሰፈር ሰው ሙሉ ዋስትና አይደለም። አጥንት ጉሮሮውን ያነቀው መስሎት በአበደ ውሻ አፍ እጁን የሚያገባ ሰው አለና። በአዲስ አበባ የውሻ እብደት ወረርሽኝ መነሣቱ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል፤ በሽታውም እስከ ዛሬ ከአገሩ አልጠፋም። ስለዚህ ምክንያቱ በዓይን ምስክር ያልታወቀ፥ አፉ የሚዝረበረብ ውሻ ሁሉ እብድ እንደ ሆነ ተቆጥሮ ይያዝ። በባዶ እጅ አይነካ፤ በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በጆንያ ተጠቅልሎ ወይም በሣጥን ተደርጎ ይወሰድ። የሚያስመልሰውን ውሻ አፍ በገመድ ማሰር ግን አይገባም፤ ይታነቃል።

ውሻው ሰው ነክሶ ወይም በተላጠ ቁስል ላይ ልሶ እንደ ሆነ፥ መርዝ ነው እብደት ነው እያሉ ሲከራከሩ መዋል አያስፈልግም። ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ሰውዬውም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ እብደት መከላከያው ክትባት ይጠይቅ። የእብደት ምልክት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ማዳን የሚቻል ነገር አይደለም ቢባል ይቀላል፤ ክትባቱ ግን አስቀድሞ ሲሰጥ ያድናል። ውሻው ከሞተም ምክንያቱን በላቦራቶሪ ማወቅ ይቻላል፤ የእብደት ምርመራ በአዲስ አበባ ባለው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደረጋል። ሬሳውን ግን የእንስሳት ሐኪም እንጂ ሌላ ሰው አይክፈተው፥ ራሱንም አይቍረጠው።

ሐኪምን በተመለከተ የአቃቂ ሰው ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል። በዱከም አድርጎ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ በአዲስ አበባም ውስጥ የግልና የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒኮች ይገኛሉ። የራቀ ወረዳ ሹም ግን መርዝ የበላ ውሻ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቁጥር በየቀበሌውና በየመጋዘኑ በር ያስጽፍ፤ ሐኪሙም አትሮፒን፥ ቫይታሚን ኬ አንድና የመድኃኒት ከሰል በእጁ መኖሩን ይጠይቅ። መድኃኒቱ በሌለበት የሐኪሙ እውቀት ግማሽ ነው።

ሆኖም ከሕክምናው ይልቅ የሹሙ ዋና ሥራ መርዙ ወደ ውሻው አፍ ሳይደርስ ያለው ነው። ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በገበያ መካከል ግን የአይጥ መርዝ በትንንሽ ወረቀት እየተጠቀለለ፥ ስሙም ማርከሻውም ሳይጻፍበት ይሸጣል። ይህን የገዛ ሰው ውሻው ቢታመምበት ሐኪሙን ምን ብሎ ይነግረዋል? ስለዚህ በገበያ ቀን መርዝ ሻጮችን መጐብኘትና ስም የሌለውን መርዝ ማስነሣት ከብዙ ስብከት ይሻላል።

በመጋዘንም ለአይጥ የሚደረገው መርዝ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንዲያው አይበተን። አይጥ የምታልፍበት፥ የውሻ አፍንጫ ግን የማይገባበት ጠባብ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ይደረግና ሣጥኑ በችንካር ይመታ። ሣጥን ባይገኝ ማታ ተደርጎ ጧት ይነሣ፤ የተቀመጠበትም ስፍራ ስንት እንደ ሆነ ይጻፍ፤ ሲነሣ ቁጥሩ ይጠየቅ። ለጎረቤት አስቀድሞ ይነገር። የሞቱትም አይጦች በየጧቱ ተለቅመው ይቀበሩ፤ በመርዝ የሞተች አይጥ ለውሻና ለድመት ሁለተኛ መርዝ ናትና።

ዘመኑ ያለፈበት መርዝም በጥግ ተጥሎ አይቆይ። በኢትዮጵያ ለአንበጣና ለተምች ተብሎ የመጣ፥ ከዚያም ሳይሠራበት በየመጋዘኑ የቀረ እጅግ ብዙ ፀረ ተባይ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 ዓመት ወዲህ ከሺህ ቶን የሚበልጠው ተሰብስቦ ወደ ፊንላንድ አገር ተጭኖ በዚያ እንዲቃጠል ሆኗል። አንድ በርሜል ከመሸሸግ ይልቅ ማስታወቅ ስለሚቀል፥ እንዲህ ያለ ዕቃ ያገኘ ባለ መጋዘን ለግብርና መሥሪያ ቤት ያመልክት እንጂ ወደ ገደል አይድፋው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ በሹም ፈቃድ ወይም በዝምታው የሚሆኑ ናቸው። አንደኛው ጅብ አህያ ወይም ጥጃ በበላ ጊዜ ባለቤቱ ተቈጥቶ በቀረው ሥጋ ላይ መርዝ ማድረጉ ነው። በማግስቱ በዚያ ስፍራ ሞቶ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የራሱና የጎረቤቱ ውሻ፥ ከዚያም ጥንብ አንሣ ነው። የጥንብ አንሣ ማለቅ ምን እንደሚያመጣ በህንድ አገር ታይቷል። በዚያ ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለከብት የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በጥንቡ ውስጥ እየቀረ ጥንብ አንሦችን ፈጃቸው፤ ከአንዳንዱ ወገን ከመቶው ዘጠና አምስትና ከዚያም በላይ ጠፉ። ጥንቡን የሚያነሣ ሲታጣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዙ፤ የእብደት አደጋም አብሮ በዛ። መንግሥቱም በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለ። ጅብን መከላከል የሚቻለው በረትን በማጠንከርና የሞተ ከብትን በመቅበር ነው።

ሁለተኛው በጎዳና የሚዞሩ ውሾችን በመርዝ ሥጋ መግደል ነው። ሐሳቡ እብደትን ማጥፋት ነው፤ ነገር ግን መርዝ የተደረገበት ሥጋ ባለቤት ያለውን ከሌለው አይለይም፤ የተከተበውንም ካልተከተበው አይለይም። ቆሻሻው ባለበት እስካለ ድረስ በሞቱት ስፍራ ሌሎች ውሾች ይመጣሉ፤ የሚመጡትም ክትባት ያላገኙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በአንድ ስፍራ ካሉት ውሾች ከመቶው ሰባውን መከተብ ነው፤ ይህ ከተደረገ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ይቆማል። ለመርዝ የሚወጣው ገንዘብና የሰው ጉልበት ለክትባት ቢውል፥ ለሥጋ ቤት ተረፈ ምርትም የሚከደን ጉድጓድ ቢቆፈር፥ የውሻውም ቁጥር በምግብ ማጣት ይቀንሳል፥ ሰዉም ያርፋል።

በመርዝ የሞተ ውሻ በወንዝ አይጣል፤ በሜዳም አይተው። ምርመራ የሚያስፈልገው ካልሆነ ከአንድ ሜትር ባላነሰ ጉድጓድ ይቀበር፤ ኖራ ቢነሰነስበትም መልካም ነው። በአቃቂ ምድር ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውሃ አዲስ አበባን የሚያጠጣ ስለ ሆነ፥ ጉድጓዱ ከውሃ ጉድጓድና ከወንዙ ዳር የራቀ ይሁን። ውሻው ያስመለሰበት አፈርም ተጠርጎ አብሮት ይቀበር። የቀበረውም ሰው እጁንና ዶማውን በሳሙና ይጠብ።